ለጉልበት፣ ለጣት ወይስ ለትንፋሽ? የጨርቅ የመለጠጥ ሴንሰሮች የንጽጽር መመሪያ

የሚለበስ የመለጠጥ ሴንሰር፣ ማለትም ሲሳብ የኤሌክትሪክ ንባቡ የሚለወጥ ጨርቅ፣ ለመግዛት ወይም ለመሥራት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው የቁጥር ጋጋታ ነው። አንዱ ሻጭ «ጌጅ ፋክተሩ (የስሜታዊነቱ ልክ) 50 ነው» ይላል፤ ሌላው «እስከ 100 በመቶ ይለጠጣል»፤ ሦስተኛው «10,000 ጊዜ ቢሳብም አይበላሽም»። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩ ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጉልበቱን ለማጠፍ የሚታገል ታካሚ ላይ ሲታሰር ከቁጥሮቹ አንዱም ላይጠቅም ይችላል።

ምርጫውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የሚፈልጉት ቆጠራ ነው ወይስ ልክ? ታካሚው በቀን ስንት ጊዜ እግሩን ዘረጋ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ ተነፈሰ የሚለው ቆጠራ ነው። ጉልበቱ 85 ዲግሪ ታጠፈ ወይስ 95 የሚለው ልክ ነው። ለቆጠራ ርካሹም ሴንሰር ይበቃል። ለልክ ግን ከገበያው አብዛኛው ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ለውጥን ሳይለይ ቀርቶ አይደለም፤ ለአንድ ዓይነት መታጠፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ንባብ ስለማይሰጥ ነው።

መጀመሪያ መስፈርቶቹ

*የሚፈለገው የመለጠጥ መጠን።* ከመግዛትዎ በፊት በወረቀት ላይ ያስሉት። መጋጠሚያ ሲታጠፍ በላዩ ያለው ጨርቅ የሚረዝመው በግምት የመጋጠሚያው ራዲየስ በሚታጠፍበት ማዕዘን ሲባዛ ነው፤ ማዕዘኑ በራዲያን ይሁን፣ 90 ዲግሪ 1.57 ነው። ራዲየሱ 1 ሴንቲሜትር የሆነ የጣት መጋጠሚያ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ጨርቁ 1.6 ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማል። ሴንሰሩ 5 ሴንቲሜትር ከሆነ 32 በመቶ ተለጠጠ ማለት ነው። ጉልበት ላይ ራዲየሱን 5 ሴንቲሜትር ብንይዝ፣ 90 ዲግሪ 7.9 ሴንቲሜትር ያህል ይጨምራል፤ 20 ሴንቲሜትር ለሆነ ሴንሰር ይህ 39 በመቶ ነው። ጨርቁ ቆዳው ላይ ስለሚንሸራተት እውነተኛው ቁጥር ዝቅ ይላል፤ ለምርጫ ግን ይበቃል።

እስከ ስንት ዲግሪ መለካት እንዳለበትም አስቀድመው ይወስኑ። ለመራመድ ጉልበት ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ይታጠፋል፤ ከወንበር ለመነሳት ከ90 እስከ 105 ያህል ያስፈልጋል። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥና በጉልበት ተንበርክኮ መስገድ ከ120 ያልፋሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ታካሚ «ዳንኩ» የሚለው እነዚህን ማድረግ ሲችል ስለሆነ እስከ 90 ዲግሪ ብቻ የተፈተነ ሴንሰር አይበቃውም።

ትንፋሽ ሌላ ነገር ነው። 85 ሴንቲሜትር የሆነ የደረት ዙሪያ በእርጋታ ሲተነፈስ 1 ሴንቲሜትር ያህል ቢሰፋ ለውጡ 1.2 በመቶ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ውድ የሆነ፣ እጅግ ስሜታዊ ሴንሰር ይፈልጋል። አያስፈልግም። ቀበቶውን በሙሉ ከማይለጠጥ ጥብጣብ ሠርተው 10 ሴንቲሜትሩን ብቻ የሚለጠጥ ሴንሰር ያድርጉት። ያ 1 ሴንቲሜትር በሙሉ እዚያ ላይ ያርፋል፣ ሴንሰሩም 10 በመቶ ይለጠጣል። ስምንት እጥፍ ያህል ስሜታዊነት በስፌት ብቻ ተገኘ ማለት ነው።

*ሂስቴረሲስና የንባብ መንሸራተት።* ሂስቴረሲስ ማለት ሴንሰሩ ሲለጠጥና ሲመለስ በአንድ ርዝመት ላይ ሁለት የተለያየ ንባብ መስጠቱ ነው። መንሸራተት ደግሞ ርዝመቱ ሳይለወጥ ንባቡ ቀስ እያለ መሄዱ ነው። ሁለቱም የሚመጡት ከክሩና ከላስቲኩ ባሕርይ ነው፦ ክር ከክር ጋር ይፋተጋል፣ ጎማው ወደ ቦታው ለመመለስ ጊዜ ይወስዳል። ለአንድ ነጥብ አጥብቀን የምንከራከር ከሆነ ለዚህ ነው። ዝቅተኛ ጌጅ ፋክተር በጥቂት ዶላር የተሻለ መለኪያ ቺፕ ይታከማል፤ ከፍተኛ ሂስቴረሲስን ግን ቺፕ አያድነውም።

ጌጅ ፋክተር ራሱ የሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም መጠን) ለውጥ መቶኛ ለመለጠጡ መቶኛ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። 10 በመቶ ሲለጠጥ ሬዚስታንሱ 20 በመቶ ከጨመረ 2 ነው። ድልድይና ብረት ላይ የሚለጠፈው የፎይል ጌጅም 2 አካባቢ ነው፤ ሆኖም ጥቂት በመቶ ሲለጠጥ ይበጠሳል። ጨርቅ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

*ላብና እጥበት።* ላብ ጨዋማ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ባልተሸፈኑ ክሮች መካከል ሲገባ ሌላ መንገድ ይከፍትና ሬዚስታንሱን ያወርዳል፤ ታካሚው እግሩን ሳያንቀሳቅስ የተንቀሳቀሰ ያስመስላል። እጥበት ደግሞ በብር የተለበጡ ክሮችን ልባጭ ያነሳል። በረኪና ብርን ወደ ብር ክሎራይድ ስለሚቀይር ጨርሶ መነካት የለበትም፤ ይህን ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ ልብስ ለሚያጥበው ሰው ጭምር መንገር ያስፈልጋል።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*በብር የተለበጠ ናይለን ክር በሹራብ የተሠራበት ጨርቅ*

በብዛት የሚገኘውና ብዙ ሰው የሚጀምርበት ይህ ነው። ክሩ ከላስቲክ ክር ጋር ተቀናጅቶ በሹራብ ማሽን ይሠራል። ሲለጠጥ የሹራቡ ቀለበቶች ቅርጽ ይለወጣል፣ የሚነካኩበት ቦታና ግፊትም ይለወጣል፤ ሬዚስታንሱ የሚቀየረው በዋናነት ከዚያ ነው። ለስላሳ ነው፣ አየር ያስገባል፣ ማንኛውም ልብስ ሰፊ የጉልበት ማቀፊያ ላይ ሊሰፋው ይችላል።

ችግሩ ንባቡ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ አለመሄዱ ነው። ቀለበቶቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ሲጠጋጉ ሬዚስታንሱ ይወርድና ከዚያ ሲሳቡ ሊወጣ ይችላል፤ ወይም ተቃራኒው። እንዲህ ሲሆን አንድ ንባብ ሁለት ማዕዘን ማለት ይሆናል። መፍትሔው ሴንሰሩን ከ10 እስከ 20 በመቶ አስቀድሞ ወጥሮ መስፋት ነው፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያውን የተምታታ ክፍል ያልፈዋል። በቁመትና በወርድ ሲሳብም ጠባዩ ስለሚለያይ ሁለቱንም ቆርጠው ይፈትኑ።

የኤሌክትሪክ ዑደቱ ስሌት ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በተሳሳተ ሬዚስተር ይበላሻል። ሴንሰሩ ከ200 እስከ 300 ኦም የሚለዋወጥ ከሆነ፣ አብሮት በተከታታይ የሚገባው ቋሚ ሬዚስተር የሁለቱ ብዜት ስኩዌር ሩት ይሁን፦ 245 ኦም፣ ገበያ ላይ 240። በ3.3 ቮልት ሴንሰሩ ላይ የሚነበበው ከ1.5 ወደ 1.83 ቮልት ይሄዳል። በ10 ቢት ንባብ (3.3 ቮልቱ በ1,024 ደረጃ ሲከፈል) ይህ 103 ደረጃ ያህል ነው፤ 120 ዲግሪን ለመሸፈን አንዱ ደረጃ ከአንድ ዲግሪ ይበልጣል ማለት ነው። ኤዲኤስ1115 የተባለውን 16 ቢት ቺፕ በ2.048 ቮልት ክልል ቢጠቀሙ ከ5,000 ደረጃ በላይ ያገኛሉ። ኢኤስፒ32 የተባለው የመቆጣጠሪያ ቺፕ የራሱ አናሎግ መግቢያ ቀጥተኛ ስላልሆነ ለልክ አይመከርም።

ከስቴንለስ ብረት ክር የሚሠራ ወንድምም አለው። እጥበትንና ላብን ከብር በተሻለ ይችላል፤ ግን ሻካራ ነው፣ በማሽን ሲሠራ ክሩ ይሰነጣጠቃል፣ ተራ የብየዳ ቆርቆሮም አይይዘውም።

*ካርቦን የተደባለቀበት የጎማ ገመድ*

በጥብቅ ካየነው ጨርቅ አይደለም፤ ጨርቅ ላይ ስለሚሰፋ ግን ተማሪዎች በብዛት ይገዙታል። 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው በብዛት የሚሸጠው ዓይነት በሴንቲሜትር ከ140 እስከ 160 ኦም አለው፤ ከግማሽ በላይ ተጨማሪ ርዝመት ይለጠጣል። ሲለቀቅ ወደ መነሻው ለመመለስ አንድ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። በየሁለት ሰከንዱ ለሚታጠፍ ጉልበት ይህ በቂ ማስረጃ ነው፦ ለማስተማሪያና ለቆጠራ ጥሩ፣ ለዲግሪ ፈጽሞ አይሆንም።

*በአስተላላፊ ቀለም የተነከረ ጨርቅ*

ጥጥና ላስቲክ ያለበትን የሹራብ ጨርቅ በካርቦን፣ በግራፊን ወይም ፔዶት ፒኤስኤስ በተባለው አስተላላፊ ፖሊመር መንከር ነው። ፖሊመሩ ላይ 5 በመቶ ያህል ዲሜቲል ሰልፎክሳይድ ወይም ኢቲሊን ግላይኮል ሲጨመር አስተላላፊነቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል። እንደ ባሕር ዳሩ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ካለ ማቅለሚያና የሹራብ ማሽን ካለው ተቋም ጋር ለሚሠራ ቡድን የሚመች መንገድ ነው፤ ውድ ክር ከውጭ ማስመጣትን ያስቀራል።

ነገር ግን ሽፋኑ ሲለጠጥ ይሰነጠቃል፤ ከፍተኛው ጌጅ ፋክተር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚሁ ስንጥቅ ነው። እየተለጠጠ በሄደ ቁጥር ስንጥቁ ይበዛል፣ መነሻ ሬዚስታንሱም ይወጣል። ፔዶት ፒኤስኤስ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ በክረምትና በበጋ ንባቡ አንድ አይሆንም። ፖሊፒሮል የተባለው ሌላው ፖሊመር ደግሞ አየር ላይ ኦክሳይድ እየሆነ አስተላላፊነቱን ያጣል። በስስ ሲሊኮን መሸፈን ይረዳል፤ የጨርቁን ልስላሴና አየር ማስገባት ግን ይቀንሳል።

*የካፓሲታንስ ሴንሰር*

ለልክ ከተፈለገ የመጀመሪያ ምርጫችን ይህ ነው። ሁለት አስተላላፊ የሚለጠጥ ጨርቅ፣ በመካከላቸው ስስ ሲሊኮን። ሲለጠጥ ስፋቱ ይጨምራል፣ ሲሊኮኑ ይሳሳል፣ ካፓሲታንሱ (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) ያድጋል። ጌጅ ፋክተሩ በሒሳብ 1 ነው፤ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ዝቅተኛ ቁጥር ስለሆነ ብዙ ገዢ ይንቀዋል። ጥቅሙ ግን የሚለካው የቅርጽ ለውጥ መሆኑ ነው፤ የክር መነካካት ስለማይገባበት መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ሂስቴረሲሱም ትንሽ ነው። የጨርቁ ሬዚስታንስ በእጥበት ትንሽ ቢጨምር እንኳ ንባቡ ብዙ አይናወጥም።

ስሌቱን እንመልከት። 8 ሴንቲሜትር በ1 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 0.5 ሚሊሜትር ውፍረትና 2.8 ገደማ ፐርሚቲቪቲ (ካፓሲታንስን የሚያሳድግበት ልክ) ያለው ሲሊኮን 40 ፒኮፋራድ (የካፓሲታንስ መለኪያ) ያህል ይሰጣል። 30 በመቶ ሲለጠጥ ወደ 52 ይደርሳል። ኤፍዲሲ1004 የተባለው ባለ4 መስመር ቺፕ የሚለካው 15 ፒኮፋራድ ወደላይና ወደታች ቢሆንም እስከ 100 ፒኮፋራድ መነሻ መቀነስ ስለሚችል ለዚህ ልክ ነው።

የሚያበላሸው ነገር ሰውነት ራሱ ነው። እጅ ሲቀርበው፣ ሱሪ ሲነካው፣ ሽቦው ሲወዛወዝ ካፓሲታንሱ ይለወጣል። ስለዚህ በሁለት ፈንታ ሦስት የጨርቅ ንብርብር ይሥሩ፦ ውጪዎቹ ሁለቱ ከግራውንድ ጋር ይገናኙ፣ ምልክቱ በመሃለኛው ይሂድ። መነሻው ወደ 80 ፒኮፋራድ ይወጣል፣ ለውጡም እጥፍ ስለሚሆን በ30 በመቶ ወደ 24 ይደርሳል፤ የቺፑ መነሻ ቅነሳ በመለጠጡ አጋማሽ ላይ ሲደረግ ክልሉ ውስጥ ይገባል። ቺፑን ከሴንሰሩ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ያኑሩት። አንድ ሜትር ሽቦ ጎትቶ ወገብ ላይ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው፤ የሚለካው ያን ጊዜ የሽቦው መወዛወዝ ይሆናል።

*የኢንደክታንስ ቀበቶ*

ለትንፋሽ ብቻ ካሰብን ከሁሉም ይበልጣል። በሚለጠጥ ቀበቶ ውስጥ ሞገድ በሚመስል መንገድ የተሰፋ ሽቦ ደረትንና ሆድን ይከባል፤ የከበበው ስፋት ሲለወጥ ኢንደክታንሱ (ሽቦው በመግነጢሱ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለውጥን የሚቋቋምበት መጠን) ይለወጣል። የእንቅልፍ ምርመራ ክፍሎች ለመተንፈስ ጥረት የሚጠቀሙበት ይኸው ነው፤ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚም የደረትና የሆድ ሁለት ቀበቶዎችን ይመክራል። ሁለት የሆኑበት ምክንያት አለ፦ የአየር መተላለፊያ ሲዘጋ ደረትና ሆድ በተቃራኒ እየተንቀሳቀሱ ሊቀጥሉ ይችላሉ። አንድ ቀበቶ ብቻ ያደረገ ሰው አየር ሳይገባ «ተነፈሰ» የሚል ንባብ ያያል። የትኛውም ቀበቶ የሚያሳየው ጥረትን ነው፣ የአየር ፍሰትን አይደለም፤ ቤት የተሠራ ቀበቶ ለሕፃን ወይም ለጽኑ ታማሚ ማንቂያ ሊሆን አይገባም። ለንባብ ኤልዲሲ1612 የተባለው ኢንደክታንስ መለኪያ ቺፕ ይበቃል። የብረት ዘለበትና ሳንቲም ያሳስተዋል።

*ፋይበር ኦፕቲክና ፒዞኤሌክትሪክ*

ፋይበር ብራግ ግሬቲንግ (ሲለጠጥ የሚያንጸባርቀው ብርሃን የሚለወጥ የመስታወት ፋይበር) ጨርቅ ውስጥ ሲገባ እጅግ ትክክለኛ ነው፤ መግነጢስ ስለማይነካው ኤምአርአይ ውስጥም ይሠራል። ግን የመስታወቱ ፋይበር ጥቂት በመቶ ብቻ ይለጠጣል፣ ሙቀትም ያሳስተዋል፣ አንባቢው መሣሪያ በሺዎች ዶላር ነው። ለምርምር እንጂ ለክሊኒክ አይደለም። ፒቪዲኤፍ ከተባለ ፕላስቲክ የሚሠራው ፒዞኤሌክትሪክ ጨርቅ ደግሞ ቮልቴጅ የሚያመነጨው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ታካሚው ጉልበቱን አጥፎ ቢይዝ ንባቡ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ለልብ ምትና ለትንፋሽ ፍጥነት ተስማሚ፣ ለማዕዘን የማይሆን።

| ዓይነት | የሚመረጥበት | የመለጠጥ ክልል | ሂስቴረሲስ | እጥበት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የብር ክር ሹራብ | ቆጠራ፣ ግምታዊ ማዕዘን | ሰፊ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | በጥንቃቄ፣ ያለ በረኪና | ዝቅተኛ |
| የካርቦን ጎማ ገመድ | ማስተማሪያ፣ ቆጠራ | ሰፊ | ከፍተኛ | ተነቅሎ | በጣም ዝቅተኛ |
| የተነከረ ጨርቅ | የአገር ውስጥ ምርምር | መካከለኛ | ከፍተኛ | ደካማ፣ ካልተሸፈነ | ዝቅተኛ |
| ካፓሲታንስ | ማዕዘን በዲግሪ | ሰፊ | ዝቅተኛ | ጥሩ፣ ዳር ከታሸገ | መካከለኛ |
| የኢንደክታንስ ቀበቶ | ትንፋሽ | ለቀበቶ በቂ | ዝቅተኛ | ቺፑ ተነቅሎ | መካከለኛ |
| ፋይበር ኦፕቲክ | ኤምአርአይ፣ ምርምር | በጣም ጠባብ | በጣም ዝቅተኛ | ስስ ነው | በጣም ከፍተኛ |
| ፒዞኤሌክትሪክ | ልብ ምት፣ ፍጥነት | ጠባብ | ቋሚ ልክ አይነበብም | እንደ አሠራሩ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |

ከመክፈልዎ በፊት የሚደረግ ፈተና

ከሻጩ ናሙና ይጠይቁ፤ የ10 ሴንቲሜትር ቁራጭ ይበቃል። ጣውላ ላይ ማስመሪያ ለጥፈው አንዱን ጫፍ አጥብቀው ይሰሩ፣ ሌላውን በመያዣ ይጎትቱ። መጀመሪያ 100 ጊዜ እስከ 30 በመቶ ይለጥጡት፤ አዲስ ሹራብ እስኪላመድ ድረስ የሚሰጠው ንባብ አያስተማምንም። ከዚያ በ5 በመቶ እየጨመሩ እስከ 30 ይሂዱ፣ በየደረጃው 10 ሰከንድ ጠብቀው ይመዝግቡ፤ በዚያው መንገድ ይመለሱ።

በ15 በመቶ ላይ ሲሄድ 240፣ ሲመለስ 252 ኦም ቢያነቡና ጠቅላላ ክልሉ ከ200 እስከ 300 ቢሆን፣ ልዩነቱ 12 በመቶ ነው። ማዕዘኑ ከመለጠጡ ጋር እኩል ከሄደ በ120 ዲግሪ እንቅስቃሴ ላይ ይህ ከ14 ዲግሪ በላይ ማወላወል ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ በእጁ የያዘው ፕላስቲክ ጎኒዮሜትር (የማዕዘን መለኪያ) እንኳ የሚሳሳተው 5 ዲግሪ ያህል ነው። ለማዕዘን ከ5 በመቶ በላይ ሂስቴረሲስ ያለውን አይግዙ። ቀጥሎ 30 በመቶ ላይ ለጥጠው ለ5 ደቂቃ ይተዉትና ምን ያህል እንደተንሸራተተ ይዩ። በመጨረሻ በለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና 5 ጊዜ በእጅ አጥበው ጥላ ላይ አድርቀው ይድገሙት። ሻጩ የእጥበት ፈተና አድርጌአለሁ ካለ በአይኤስኦ 6330 (የጨርቅ እጥበት ፈተና ዓለም አቀፍ መስፈርት) መሠረት መሆኑንና ሴንሰሩ በስንተኛው እጥበት እንደወደቀ ይጠይቁ።

አብዛኛው ሴንሰር የሚሞተው መጋጠሚያው ላይ ነው

ለስላሳው ጨርቅ ከጠንካራው ሽቦ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በየእንቅስቃሴው ይታጠፋል፤ መጀመሪያ የሚበጠሰውም እሱ ነው። ናይለን ክር ላይ ብየዳ አይሞክሩ፦ ናይለን እንደ ዓይነቱ ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ የብየዳ ጫፍ ደግሞ 350 አካባቢ ነው። በምትኩ እንደ ኢሲጂ ኤሌክትሮድ ያሉ ተጭነው የሚዘጉ የብረት ቁልፎችን ከማይለጠጥ ጨርቅ ድጋፍ ጋር ይስፉ። ድጋፉ ከሴንሰሩ ጫፍ 1 ሴንቲሜትር ያህል አልፎ ይሸፍን፤ መለጠጡ ቁልፉ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ኤሌክትሮኒክሱም ለእጥበት በቀላሉ ይነቀላል።

ቆዳ የሚነካው ክፍል በአይኤስኦ 10993 ተከታታይ መስፈርቶች ለመርዛማነት፣ ለማሳከክና ለአለርጂ የተፈተነ መሆኑን ይጠይቁ። ታካሚ ላይ ሲሆን ኃይሉ ከባትሪ ብቻ ይምጣ፤ ቻርጅ እየተደረገ አይለበስ።

ለማን የትኛው?

በጀትዎ አነስተኛ ከሆነና ታካሚው እቤቱ መልመጃውን መሥራቱን ብቻ ማወቅ ከፈለጉ፣ የብር ክር ሹራብ ከጉልበት ማቀፊያ ጋር ይበቃዎታል። ዲግሪ እንደሚያሳይ አድርገው ለታካሚው አያቅርቡት፤ ተስፋ ያስቆርጣል ወይም ያለ ምክንያት ያስደስታል።

ከጉልበት ቅየራ በኋላ ዲግሪ የሚከታተል ክሊኒክ ካፓሲታንሱን ይምረጥ፤ በተለበሰ ቁጥር በ0፣ በ45 እና በ90 ዲግሪ ከጎኒዮሜትር ጋር ያመሳክር። ማቀፊያው በ1 ሴንቲሜትር ቢንሸራተት የትናንቱ ካሊብሬሽን (ንባቡን ከዲግሪ ጋር ማመሳከር) ዛሬ አይሠራም። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚለካ ከሆነ ግን ሴንሰር አይግዛ፤ ጎኒዮሜትሩ በቂ ነው።

ከስትሮክ በኋላ ጣት ለሚያለማምዱ ጓንት ከመግዛት በፊት ታካሚው እጁን ጓንት ውስጥ ማስገባት መቻሉን ያረጋግጡ። ጡንቻው የተኮማተረ እጅ ወደ ጠባብ ጓንት አይገባም። በእያንዳንዱ ጣት ጀርባ ላይ በቬልክሮ የሚታሰር የተነጣጠለ ሴንሰር ይሻላል፤ ለመጀመሪያም አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይበቃሉ።

ለትንፋሽ ፍጥነት ጥናት 10 ሴንቲሜትር የሚለጠጥ ክፍል ያለው ተራ ቀበቶ በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ንባብ ይበቃዋል፤ ለእንቅልፍ ጥናት ሁለት የኢንደክታንስ ቀበቶዎች። ለእርምጃ ትንተና በሰከንድ 50 ንባብ ያስፈልጋል፤ ለልብ ምት 100።